ለአንድ ቀን ፈረስ እንጅባራ ድረስ መሄድ ያዋጣል?

ታኅሣሥ ገባ ማለት የፈረስ ደብዳቤ መጣ ማለት ነው። በሌላው ወር የምትጽፉልኝ ስለ ላም ጡት ሕመምና ስለ ዶሮ ፈንግል ነው። ጥር ሲቃረብ ግን ሁላችሁም ስለ እንጅባራው የፈረስ በዓል ትጠይቁኛላችሁ። ዘንድሮ ከደረሱኝ አራቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ላይ ረዘም አድርጌ ቆይቻለሁ፤ ሌሎቻችሁ ቅር አይበላችሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰላምታዬ ይድረስዎ። አዲስ አበባ የምኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ወንዱ 9 ዓመቱ ነው፤ መንገድ ላይ ፈረስ ካየ «ከመኪና አውርዱኝ» ብሎ ያስቸግራል። ታናሿ 5 ዓመቷ ነው። በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሚከበረውን የአገው ፈረሰኞች በዓል ላሳያቸው አስቤ ነበር። ባለቤቴ ግን «ይሄን ሁሉ መንገድ ሄደሽ የሰው ጀርባ ልታዪ ነው? በቴሌቪዥን ይታያል፤ ቡናሽን እየጠጣሽ እዪው» አለኝ። ያለን የ4 ቀን ፈቃድ ብቻ ነው። እውነት መሄዱ ያዋጣል?

መልስ፦ ልጄ፣ እንዳትቀየሚኝ እንጂ ባልሽ ግማሽ እውነት አለው። የሰው ጀርባ የማየቱ ነገር በኔም ደርሷል።

የመጀመሪያ ጊዜ የሄድኩ ዕለት ያደርኩት ባሕር ዳር ነበር። ከዚያ እንጅባራ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። «ጠዋት ተነስቼ ዱብ እላለሁ» ብዬ ናቅኩት። ቁርሴን ቀስ ብዬ በላሁ። ቡናዬን ደገምኩ። ከተማዋ ጫፍ ስደርስ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ሆኗል። መኪናዬን ከሜዳው ምን ያህል ርቄ እንዳቆምኩ አትጠይቂኝ። በእግሬ ስደርስ ከፊቴ አምስት ስድስት ረድፍ ሰው ቆሟል። ፀሐዩ ከርሮ ስለነበር ሁሉም ጃንጥላ ዘርግቷል። እኔ ደግሞ እግዜር ቁመት አልሰጠኝም። ያን ቀን ያየሁት አቧራ፣ ጃንጥላና የአለንጋ ጫፍ ነው። ከድምፅ ማጉያው ንግግር ይመጣል፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይቀጥላል። በመጨረሻ ግልቢያው ሲጀመር መሬቱ እግሬ ሥር ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። ፈረስ ግን አላየሁም። 8 ሰዓት ላይ ተናድጄ ተመለስኩ። ባልሽ የሚያወራው ስለዚህ ዓይነቱ ጉዞ ከሆነ ልክ ነው። እንዲህ ከሆነ ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ቡናሽን ጠጪ።

በዓመቱ እልህ ይዞኝ ተመለስኩ። ሙያዬ የእንስሳት ጤና ነው፤ ጎጃም ውስጥ ከፈረስ ጋር ነው ያደግኩት። አንድ የፈረስ በዓል እንዴት ያሸንፈኛል? የዚያን ጊዜ ጥር 21 ማታ እንጅባራ ገባሁ። ሆቴል ስላጣሁ አንድ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ዘመዶቹ ቤት አሳደረኝ። ይህ አጋጣሚ ነው ሁሉን ነገር የቀየረው።

በ22 ከሰዓት በኋላ ከከተማዋ መውጫ ላይ ቆምኩ። ከሩቅ ቀበሌ የሚመጡት ፈረሰኞች በቡድን በቡድን ሆነው ይገባሉ። አንዳንዱ ከአንከሻ፣ አንዳንዱ ከዚገም፣ አንዳንዱ ከባንጃ ገጠር። መንገድ ላይ ስለሆኑ ማንም አይጋልብም፤ በሶምሶማ ብቻ ይመጣሉ። አንገታቸው ላይ ያለው ቃጭል ከሩቅ ይሰማል። ሽማግሌው ከፊት፣ ጎረምሳው ከኋላ። ከጎኔ የቆመ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። አንድ ልጅ ብቻ በግ እየነዳ ቆሞ ያያል። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆሜ ፈረስ እስኪበቃኝ አየሁ። ቀዩ ዳማ፣ ግንባረ ነጩ ቦራ፣ ነጩ አምባላይ፣ ወንዱ ድንጉላ፣ ሴቷ ባዝራ። በክንዴ ርቀት ነው ያለፉት። ቴሌቪዥኑ ይህን አያሳይሽም። ካሜራው ያለው የክብር እንግዶች ያሉበት ቦታ ነው።

በማግስቱ ደግሞ ገና ሳይነጋ ግቢው ውስጥ ኮቴ ሰምቼ ወጣሁ። እንጅባራ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የጥር ንጋቷ አጥንት ይሰብራል። የቤቱ አባት ጋቢያቸውን በትከሻቸው አጣፍተው ፈረሳቸውን ሊያለብሱ ተነስተዋል። ፈረሱ ሲተነፍስ ከአፍንጫው ጭስ የሚወጣ ይመስላል። መጀመሪያ መዳፋቸውን ጀርባው ላይ አሳረፉ። ከትከሻው ጫፍ ጀምረው እስከ ወገቡ ድረስ እየተጫኑ ሄዱ፤ የሚያመው ቦታ ካለ ፈረሱ ጀርባውን ያሰርጋል። አላሰረገም። ከዚያ የውስጡን ጨርቅ ሁለት ጊዜ አራግፈው ጣሉበት። አንድ ገለባ ቢቀር በግልቢያ ጊዜ እንደ ቢላ ይሆናል። ቀጥሎ ኮርቻውን ጫኑ፤ የሆዱን ጠፍር ግን ላላ አድርገው ተዉት። «ለምን አላጠበቁትም?» አልኳቸው፤ መልሱን እያወቅኩ። «አሁን ሆዱን ነፍቶብኛል፤ ትንሽ ይራመድ» አሉኝና በግቢው አንድ ዙር አዞሩት። ሲመለሱ ጠፍሩን በሁለት ቀዳዳ አጠበቁት። ያ ፈረስ እንደ ሰው ተንኮለኛ ነበር። የመጨረሻው ጌጡ ነው። ግላሱ (የፈረሱ የጌጥ ልብስ)፣ ቀይ የሱፍ ዘርፉ፣ ቃጭሉ። እርካቡ የድሮው ዓይነት ነበር፤ አውራ ጣት ብቻ የምታስገባ ቀለበት። ሰውዬው ጫማቸውን አውልቀው ወጡ።

ስማቸውን ስጠይቃቸው መጀመሪያ የነገሩኝ የፈረሳቸውን ስም ነው። የራሳቸውን በሁለተኛ ጥያቄ ነው ያገኘሁት።

ልጅሽን ይዘሽ ከሄድሽ እዚህ ላይ የምትነግሪው ነገር አለሽ። በአገራችን ጀግና በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ባልቻ ሳፎ አባ ነፍሶ ናቸው። ልጅሽ ኳስ ከወደደ ደግሞ መቻል የሚለውን ስም ያውቀዋል። አባ መቻል የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የፈረስ ስም ነው። የእንጅባራው በዓልም ከዚሁ የተወለደ ነው። የፈረሰኞቹ ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው፤ አርበኛው ጣሊያንን ገና እየተዋጋ በነበረበት ጊዜ። ዓላማው በዓድዋና በአርበኝነቱ ዘመን ከሰው ጋር የዘመተውን ፈረስ ማሰብ ነው። ቀኑም ዝም ብሎ አልተመረጠም። 23 የጊዮርጊስ ዕለት ነው፤ የዓድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የሆነው በዚሁ ዕለት ነው። ጊዮርጊስ ደግሞ በየቤተ ክርስቲያኑ ሥዕል ላይ አምባላይ ፈረስ ላይ ተቀምጦ የምታዪው ነው። ይህን ለ9 ዓመት ልጅ ሶፋ ላይ ብትነግሪው ያዛጋብሻል። የፈረሱ ትንፋሽ ፊቱ ላይ እየመጣ ብትነግሪው ግን አይረሳውም።

እንግዲህ ወደ ሒሳቡ። ከአዲስ አበባ እንጅባራ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአንድ ቀን ይገባል፤ ግን ከልጅ ጋር አልመክርሽም። የአባይ በረሃ መውረጃና መውጫው ብቻውን ሆድ ይገለብጣል። በ21 ደብረ ማርቆስ እደሩ፤ 300 ኪሎ ሜትር ያህሉን ጨረሳችሁ ማለት ነው። በ22 ከምሳ በፊት እንጅባራ ግቡና ከሰዓት በኋላ የሚገቡትን ፈረሰኞች እዩ። በ23 በዓሉ ነው። በ24 በጠዋት ተነሱ። ከከተማዋ ብዙም ሳትርቁ፣ በመመለሻችሁ መንገድ ዳር፣ ዘንገና ሐይቅ አለ። እሳተ ገሞራ የቆፈረው ክብ ጉድጓድ ነው፤ ዙሪያው ጫካ። ግማሽ ሰዓት ስጡትና መንገዳችሁን ቀጥሉ። መመለሻው በአንድ ቀን ስለሆነ ልጁን ያደክመዋል፤ ግን አራት ቀንሽ ልክክ አለ።

አልጋ አሁኑኑ ያዢ። ከሞላብሽ ዳንግላ ወይም ቡሬ አድራችሁ በጠዋት መግባት ትችላላችሁ። ያኔ ግን የምለው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሱ ነው። እንደኔ ቡና አትድገሚ።

ታናሿን አያቷ ጋ ተያት። ጨካኝ አትበይኝ። 5 ዓመት ልጅ ለአቧራው፣ ለጩኸቱና ለመቆሙ አቅም የላትም። ከሁሉም በላይ ግን የምትሮጥበትን አታውቅም። ጉግስ ሲጫወቱ አንዱ ወገን ይሸሻል፣ ሌላው እያሳደደ ዘንግ ይወረውራል፤ የሚሸሸው በጋሻው ይመክታል። በዚህ መሀል ከመስመር የሚወጣ ፈረስ አይጠፋም። ልጁንም ቢሆን እጁን ያዢ። ግልቢያው የሚያበቃበት ጫፍ ላይ አትቁሙ፤ ልጓም የማይሰማ ፈረስ የሚገባው እዚያ ነው። ከፍ ያለ ቦታ ፈልጉና ከጎን በኩል ሁኑ። ከቆመ ፈረስ ኋላም አትለፉ፤ የግድ ካለፋችሁ በጣም ርቃችሁ።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ፤ እሱም ከሁሉ የሚከብደው ነው። መንገዱ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ አማራ ክልል ውስጥ ያለውን የግጭት ሁኔታ ታውቂያለሽ። መንገድ ዛሬ ተከፍቶ ነገ ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ አሁን የምነግርሽ ምክር የጥር 21ን መንገድ አያውቅም። እስከ ባሕር ዳር በአውሮፕላን መሄድም ይቻላል፤ ግን ከዚያ በኋላ ያለው 120 ኪሎ ሜትር መንገድ ያው መንገድ ነው። መነሻሽ ሁለት ቀን ሲቀረው ደውለሽ ጠይቂ፤ መነሻሽ ዋዜማም ድገሚ። የምትጠይቂው ዘመድ አይሁን። ዘመድ ስለናፈቀሽ «ሰላም ነው፣ ነዪ» ይልሻል። ያን ዕለት ጠዋት ከዚያ ተነስቶ የገባ ሾፌር ጠይቂ። ሾፌሩ ጭንቅላቱን ከነቀነቀ፣ ፈቃድሽን ለሌላ ነገር አውዪው። በዓሉ ከ80 ዓመት በላይ ቆይቷል፤ ለከርሞም ይኖራል።

እንግዲህ ልቁረጥልሽ። ሾፌሩ «እሺ» ካለና በ22 እኩለ ቀን እዚያ መድረስ ከቻልሽ፣ ልጅሽን ይዘሽ ሂጂ፤ ያዋጣል። በ23 ረፋድ የምትደርሺ ከሆነ ባልሽ አሸነፈሽ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ሰንዳፋ አካባቢ ቤተሰቦቼ ትንሽ የግጦሽ መሬት አላቸው። አንድ ጥሩ ፈረስ መግዛት እፈልጋለሁ። እንጅባራ ላይ በዚያ ቀን ብዙ ፈረስ ስለሚሰበሰብ እዚያው አይቼ፣ አማርጬ ልግዛ ብዬ አሰብኩ። ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው አይደል? ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሜዳውስ አለ። ፈረሱ ግን ለገበያ አልወጣም። በዚያ ቀን «ስንት ትሸጠዋለህ?» ብትል ሰርግ ቤት ገብተህ ሙሽራዋን እንደመጠየቅ ነው። የሚስቅብህ ካጋጠመህ ዕድለኛ ነህ።

ሁለተኛው ምክንያት የኔ ቁስል ነው። ወጣት ሳለሁ በአንድ በዓል ላይ ግላስ ለብሶ፣ ዘርፉን አንጠልጥሎ፣ መሬት እየቧጠጠ የሚፎክር ዳማ አየሁ። ሙያ ተምሬ ገና መመረቄ ነው፤ ማን ይናገረኛል? ባለቤቱን ለምኜ፣ ከደመወዜም ተበድሬ ገዛሁት። ቤት ወስጄ ግላሱን ሳነሳ ትከሻው ጫፍ ላይ የእጄን መዳፍ የሚያህል የኮርቻ ቁስል አገኘሁ። የሸጠልኝን ሰው አልወቅስም። እኔ ጨርቅ ነው የገዛሁት። አባቴ ሲያየው ምንም አላለኝም፤ ቅቤ ብቻ ፈልጎ አመጣ።

ስለዚህ በዓሉን ለማየት ሂድ እንጂ ለመግዛት አትሂድ። ሳታወራ እያቸው። ከጉዞ በኋላ የትኛው ቶሎ ትንፋሹ ይመለሳል? የትኛው ሰው ሲከበው ይረጋጋል? የወደድከውን ከየት ቀበሌ እንደመጣ ጠይቅ። ጌጡ ከወለቀ፣ ሞቅታው ከበረደ በኋላ፣ ከሳምንት ሁለት ሳምንት ቆይተህ በገበያ ቀን ወይም ሰውየው ቤት ድረስ ሂድ። በበዓል ቀን ፈረስ በሞቅታው እግሩን ማነከሱን እንኳ ይረሳል።

ስታገኘው ኮርቻውን ራስህ አስወርድ። «ተጭኗል፣ ይቆይ» ካለህ ተመለስ። ትከሻው ጫፍና ጀርባው ላይ ነጭ የፀጉር ነጠብጣብ ካየህ፣ የዳነ የኮርቻ ቁስል ነው። ቆዳው ቢድንም ፀጉሩ ነጭ ሆኖ ነው የሚበቅለው። አንዱ ምንም አይደለም። አምስት ስድስት ከሆነ ግን ወይ ኮርቻው አይሆነውም፣ ወይ ባለቤቱ አይራራለትም።

ከዚያ ጥርሱ። ከንፈሩን በጎን በኩል ገለጥ አድርግ። የፊት ጥርሶቹ መካከለኞቹ ሁለቱ የሚለወጡት በ2 ዓመት ተኩል ገደማ ነው። ከጎናቸው ያሉት በ3 ዓመት ተኩል፣ የዳሮቹ በ4 ዓመት ተኩል። 5 ዓመት ሲሞላው አፉ ሙሉ ይሆናል። የወተት ጥርስ ትንሽና ነጭ ነው፤ ቋሚው ትልቅና ቢጫ ያለበት። በታችኛው ጥርስ ላይ ያለው ጥቁር ጉድጓድ ከ6 እስከ 8 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ እየተሞላ ይጠፋል። ከዚያ ወዲያ ያለው ዕድሜ ግምት ነው፤ ሻጩ «7 ነው» ሲልህ አንተ 10 በል። አፉን ከከፈትክ አይቀር የአፉን ዳርና ምላሱንም እይ። የኛ አገር ቀለበታሙ ልጓም በክፉ እጅ ከገባ አፍ ይቆርጣል። ጠባሳ ካለ ፈረሱ አፈ ደንዳና ሆኗል፤ ስትጎትተው አይቆምልህም።

አራቱንም እግር አንሳ። የማያስነሳህ ፈረስ ኮቴውን ማንም አጽድቶለት አያውቅም። መሬቱ ጠንካራ በሆነ ቦታ በሶምሶማ ወደ አንተ እንዲያመጡት ጠይቅ፤ ራሱን ተመልከት። የፊት እግሩ የሚያመው ፈረስ፣ ያ እግሩ መሬት ሲነካ ራሱን ወደ ላይ ያነሳል፤ ጤነኛው ሲያርፍ ዝቅ ያደርጋል። ይህን ለማየት ዓይን እንጂ ዲግሪ አያስፈልግም።

በሽታ ላይ ሁለት ነገር ብቻ ልበልህ። አንገቱ፣ ደረቱ ወይም እግሩ ላይ እንደ መቁጠሪያ ተደርድሮ የወጣ እብጠት፣ አንዳንዱም ፈንድቶ የሚመግል ካየህ አትንካው፣ አትግዛው። ፈንገስ የሚያመጣው በሽታ ነው። በወይናደጋ ከተሞች የጋሪ ፈረሶችን ክፉኛ ያጠቃል፣ በቁስልና በዕቃም ይተላለፋል። ስለዚህ የተጠራጠርከው ፈረስ የለበሰውን ኮርቻ ለሌላው አታልብስ። ሌላው የአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሚባለው ነው። ጥቃቅን ተናካሽ ዝንቦች ያስተላልፉታል፤ ፈረስን በጥቂት ቀን ውስጥ ሊገድል ይችላል። ክትባት አለው። መኪና ላይ ሳትጭነው በፊት የወረዳውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ አነጋግር። ሻጩ ፈረሱን ባለሙያ እስኪያየው ካልቸኮለ፣ አንተም ለመግዛት አትቸኩል።

ደግሞ እውነቱን ልንገርህና፣ ለሰንዳፋ ፈረስ እንጅባራ ድረስ መሄድ ለምን አስፈለገህ? ሰላሌ ጎረቤትህ ናት። የሰላሌ ፈረስ ራሱን የቻለ ዓይነት ነው፤ የፈረስ ተመራማሪዎች ከባሌው፣ ከቦረናው፣ ከሆሮው፣ ከከፋውና ከኩንዱዶ ተራራው የዱር ፈረስ ለይተው ይቆጥሩታል። ብርዱንም ሳሩንም ያውቀዋል፤ ያንን ሁሉ ኪሎ ሜትር በአይሱዙ ላይ ቆሞ አይንገላታብህም። የእንጅባራውን በዓል እይ፣ ፈረስህን ግን ከሰላሌ ግዛ።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ጓደኞቼ ለበዓሉ እንሂድ ብለውኛል። እኔ ግን ፈረሶቹ ሲገረፉ ማየት አልፈልግም። እንስሳ ማሠቃየት አይሆንም?

መልስ፦ ጥያቄሽን ወድጄዋለሁ። ሁለቱንም አይቻለሁ። አለንጋውን ለጌጥ ይዞ፣ በጉልበቱና በድምፁ ብቻ ፈረሱን የሚያዝ አለ። ልጓሙን እየነጠቀ የፈረሱን አፍ ደም በደም የሚያደርግም አለ፤ ብዙውን ጊዜ ይኼኛው ፈረስ የተዋሰ ጎረምሳ ነው። በአካባቢው ለፈረስ ያለው ክብር ትልቅ ነው፤ ሳይነጋ ተነስተው ጀርባውን በመዳፋቸው የሚፈትሹትን አባት ከላይ ነግሬያችኋለሁ። ይህ ማለት ግን ሁሉም ሰው እንደሳቸው ነው ማለት አይደለም።

መሄድና አለመሄድ ያንቺ ውሳኔ ነው። ከሄድሽ የምታጨበጭቢበትን ምረጪ። ሕዝቡ የሚጮኸው አፉ ለሚደማው ከሆነ፣ ከርሞም የሚመጣው እሱ ነው። ጋልቦ ጨርሶ ወርዶ፣ ጠፍሩን አላልቶ፣ ፈረሱን በእግሩ እያዞረ የሚያበርድ ሰው ካየሽ ሄደሽ አመስግኚው። እኔ እንደዚያ ሳደርግ ሰዎቹ ግራ ይገባቸዋል፤ ግን ደስ ይላቸዋል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የኔ አጭር ናት። ልንሄድ ወስነናል፣ አልጋም ይዘናል። ምን ልያዝ? የአካባቢውን ቋንቋ፣ አዊኛን፣ አለመቻሌስ ችግር ይሆናል?

መልስ፦ አማርኛሽ ይበቃል። ሰዉ ግን አዊኛ ሲያወራ ከሰማሽ ሰላምታውን እንዲያስተምሩሽ ጠይቂ፤ በር ይከፍትልሻል። ጋቢ ወይም ወፍራም ጃኬት ለጠዋትና ለማታ፣ ቀለል ያለ ልብስ ለቀኑ። ለአቧራው ነጠላ ወይም ሻሽ። አቧራ የማያሳዝንሽ ጫማ። ውሃ። ፎቶ ለማንሳት ፈቃድ ጠይቂ፤ ፈረሱን ብቻ ሳይሆን ባለቤቱንም አንሺው፣ ከዚያ አሳዪው።

ጃንጥላሽን ግን መኪና ውስጥ ተዪው። ፈረስ አጠገብ ድንገት የሚዘረጋ ጃንጥላ ያስደነብረዋል። ከኋላሽ ደግሞ አንድ አጭር ሽማግሌ ቆሞ ሊሆን ይችላል።